ድሬ ላይ እንግሊዝኛ እያስተማሩ ማስተርስ መማር፦ ከክፍል ደብተር እስከ ዲፌንስ

ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ነበርኩ። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ ጭነት ካወረደላት ሰውዬ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች። መሀል ላይ አንዲት እናት መጥተው ዋጋ ጠየቁ። በሶማልኛ መለሰችላቸው። ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብላ «ቲቸር፣ ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» አለችኝ። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጇ መልስ ትቆጥራለች፤ እናቷ ስትዘነጋ በሦስቱም ቋንቋ ጣልቃ እየገባች ታስታውሳታለች። ይቺ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። የስም ዝርዝሬ ላይ አጠገቧ «ቋንቋ ላይ ደካማ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያንን ጽሑፍ የሰረዝኩት ማስተርስ ከገባሁ በኋላ ነው። ልጅቷ ደካማ እንዳልሆነች ያኔም በልቤ አውቅ ነበር። ግን የማየውን ነገር የምጠራበት ስም፣ የምመረምርበት መንገድ አልነበረኝም። የተግባር ሥነ ልሳን፣ ማለትም አፕላይድ ሊንጉስቲክስ፣ የሰጠኝ ይህንን ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ እንግሊዝኛ ለምታስተምሩና ሁለተኛ ዲግሪ ለምታስቡ መምህራን ነው። ሳትጀምሩ ልታውቁት ይገባል የምለውን ሁሉ አስገብቻለሁ።

አንድ፦ ከማመልከታችሁ በፊት ለአንድ ሴሚስተር ደብተር ያዙ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከማመልከቻው ነው። ርእስ የሚፈልገው ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ይጨነቃል። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው። አንድ ተራ ደብተር ግዙ። ቦርሳችሁ ውስጥ ትቀመጥ። ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ፣ ስታፍ ከመግባታችሁ በፊት፣ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ።

ምን ይጻፋል? ቀኑና ክፍሉ። ልጁ ያለው ነገር፣ ቃል በቃል። ምን ሊል እንደፈለገ። ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ። የልጁን ስም አትጻፉ፤ ቁጥር ስጡት። «ግራመሩ ደካማ ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አልጻፋችሁም። ከአፉ የወጣውን ሳታርሙ ጻፉት።

ከራሴ ደብተር አንድ ገጽ ላሳያችሁ። አንድ ልጅ «ዲደንት ዩ ዱ ዩር ሆምወርክ?» አልኩት። «የስ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ደብተሩን አምጣ አልኩት። ባዶ ነው። የዋሸኝ መሰለኝ፤ ክፉኛ ተቆጣሁት። ማታ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ነው ነገሩ የገባኝ። በአማርኛ «የቤት ሥራህን አልሠራህም?» ተብለን ካልሠራን «አዎ፣ አልሠራሁም» እንላለን። «አዎ» የምንለው ጠያቂው ያለውን ለማጽደቅ ነው። እንግሊዝኛ ግን የጠያቂውን አባባል ትቶ ሥራው መሠራት አለመሠራቱን ነው የሚያየው። ካልሠራህ «ኖ» ነው። ልጁ እውነቱን ነግሮኛል። የነገረኝ በእንግሊዝኛ ቃል፣ በአማርኛ ሕግ ነው።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ ደብተሬ በእንዲህ ዓይነት ነገር ተሞላ። «ስኩል» ለማለት «እስኩል» የሚሉ ልጆች፤ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ መደራረብ ስለሚከብዳቸው ፊቱ ላይ «እ» ይጨምራሉ። «ፔን»ን «ቤን» የሚል ልጅ፤ አፍ የፈታበት ሶማልኛ የ«ፐ» ድምፅ የለውምና በቅርቡ ያለውን «በ»ን ይወስዳል። «ዚስ» እና «ዛት» የሚሉ አማርኛ ተናጋሪዎች፤ በምላስና በጥርስ መሀል የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» የሚለው ደግሞ የሁሉም ነው፤ እኔም ኮሌጅ እያለሁ እለው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሳይንሱ እምብርት ነው። ፒት ኮርደር የተባለው የብሪታንያ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለየ። አንዱ ሰው ደክሞት ወይም ቸኩሎ የሚስተው ነው፤ ቢነግሩት ራሱ ያርመዋል። ሌላው ተማሪው በውስጡ የገነባውን ሕግ የሚያሳይ ስህተት ነው፤ ይህኛው ደጋግሞ ይመጣል። ኮርደር ሁለተኛው ለመምህሩ መረጃ ነው አለ። ተማሪው የት እንደደረሰ የሚናገረው እሱ ነውና። ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ላሪ ሴሊንከር የተባለ ሌላ ምሁር ያንን የተማሪ ቋንቋ ኢንተርላንጉዌጅ ብሎ ሰየመው። ከአፍ መፍቻውም ከእንግሊዝኛውም የተለየ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው መሀከለኛ ቋንቋ ማለት ነው። የእኔ ተማሪ «የስ» የዚያ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደብተሩን ከመጀመሪያው አንብቡት። የተደጋገመውን አስምሩበት። እርሳሳችሁ ሦስት አራት ጊዜ የተመለሰበት ነገር ርእሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ሁለት፦ የምትገቡበትን ትምህርት ለዩ

ሦስት ስሞች ይምታታሉ። ሊንጉስቲክስ ቋንቋን በራሱ ያጠናል፤ ድምፁን፣ ቃሉን፣ ዓረፍተ ነገሩን። ቴፍል እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር ላይ ያተኩራል። አፕላይድ ሊንጉስቲክስ ሰፋ ይላል፤ ሰው ሁለተኛ ቋንቋን እንዴት ይለምዳል፣ ፈተና ምን ይለካል፣ የቋንቋ ፖሊሲ ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል፣ እነዚህን ሁሉ ይይዛል። እኛ አገር እንግሊዝኛ መምህር ሁለተኛ ዲግሪውን በብዛት የሚይዘው በቴፍል ስም ነው። ውስጡ የሚሰጡት ኮርሶች ግን በአብዛኛው የአፕላይድ ሊንጉስቲክስ ናቸው። ስለዚህ በስሙ አትጨነቁ፤ የኮርሱን ዝርዝር ጠይቃችሁ አንብቡ። የሁለተኛ ቋንቋ ልምምድ፣ ሶሺዮሊንጉስቲክስ (ቋንቋና ማኅበረሰብ)፣ ቴስቲንግ (የቋንቋ ፈተና አዘገጃጀት)፣ ማቴሪያል ዝግጅትና የምርምር ዘዴ ካሉበት የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ።

ዘርፉ ሩቅ አገር ብቻ የበቀለ እንዳይመስላችሁ። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ለብቻው ትምህርት ቤት ከፈተለት፤ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1968 እና 69 ቻርልስ ፈርጉሰንን የመሰሉ የዘርፉ ትልልቅ ሰዎች እዚሁ ኢትዮጵያ መጥተው የአገሪቱን የቋንቋ አጠቃቀም አጥንተዋል። ከእነሱ መሀል ሮበርት ኩፐር ከባልደረባው ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ ገበያዎች ሰው በምን ቋንቋ እንደሚገበያይ ቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትሟል። ይህን ሳነብ ቀፊራ ድቅን አለብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ቲማቲም ብቻ ስገዛ ነበር!

ሦስት፦ የት ልማር?

ከድሬ ሳትርቁ ሁለት ትልልቅ አማራጮች አሉ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደንገጎን ወጥታችሁ፣ ሐረር ከመድረሳችሁ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ለሐረር ሰው ሐረማያ ይቀርባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ ዶክትሬትም ለሚያስብ ጥሩ በር ነው። ነገር ግን የቤት ኪራይና ከቤተሰብ መራቅ አብረው ይመጣሉ።

ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ፕሮግራሙን ተመልከቱ። መደበኛ፣ የሳምንት መጨረሻና የክረምት የሚባሉ አሉ። መደበኛው በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ከሥራ መውጣት ወይም ስፖንሰር ማግኘት ይጠይቃል። ክረምቱ ለመምህር ይመቻል፤ ዓመቱን ታስተምራላችሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትማራላችሁ። ጉዳቱ ግን አለ። በሁለት ክረምት መሀል የአስር ወር ዝምታ ይገባል፤ የተማራችሁት ይቀዘቅዛል። ክረምትን ከመረጣችሁ ከሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር በወር አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ ለመገናኘት ተቃጠሩ። እኛ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር በሻይ እናደርገው ነበር። ፕሮግራሞች በየዓመቱ ሊከፈቱም ሊታጠፉም ስለሚችሉ የዘንድሮውን ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። የቴሌግራም ወሬ አይበቃም።

ውጭ አገር ለሚያስቡ ባጭሩ። ቼቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሸፍናል፤ ለማመልከት አይከፈልበትም፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ጨርሳችሁም ለሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ፉልብራይት የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ በኤምባሲው በኩል ይመጣል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ግን ጊዜያችሁን አይብላ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝኛ መምህራንን የሚረዳው የሆርንቢ ትረስትም አለ፤ የትኞቹን አገሮች እንደሚቀበል በየዓመቱ ማስታወቂያው ላይ ይወጣል። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ከወሰዳችሁ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነውና ቀድማችሁ አትውሰዱ።

አራት፦ ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

ብዙ ሰው የሚወድቀው ፈተና ላይ አይደለም። ወረቀት ላይ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ የዲግሪ ዋናውና ኮፒው፣ የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚልከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰው፣ ስፖንሰር ካለ የስፖንሰር ደብዳቤ፣ የወጪ መጋራት ጉዳይ ማለቁን የሚያሳይ ማስረጃ። በዚህ ላይ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ሰው ጋት የሚለውን፣ ማለፍ አለባችሁ።

ትራንስክሪፕት ቀድማችሁ ጠይቁ። የኔ ስሜ በዲግሪዬና በቀበሌ መታወቂያዬ ላይ በአንድ ፊደል ይለያይ ነበር። የተማርኩበት ተቋም ያንን ለማስተካከል ሳምንታት አመላለሰኝ፤ የምዝገባው ጊዜ አለፈና አንድ ዓመት ጠበቅሁ። እስካሁን ያቃጥለኛል። ስለዚህ ዛሬውኑ ዲግሪያችሁን፣ መታወቂያችሁንና ፋይዳችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ በተለይ።

ለፈተናው ዝግጅት እንግሊዝኛ መምህር የሚፈራው የቁጥሩን ክፍል ነው። የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አውጡ፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ጥምርታ። ቤታችሁ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ካለ አብራችሁት ሥሩ። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሁለት ወር ያሻሽላችኋል። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ሰዓት እየያዛችሁ ስክሪን ላይ ተለማመዱ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው ባዶ እጃችሁን አትሂዱበት። የሠራችሁትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት፤ ያቋቋማችሁትን የእንግሊዝኛ ክበብ፣ ያዘጋጃችሁትን ፈተና፣ ደብተራችሁ ላይ ያስተዋላችሁትን። ርእሰ መምህሩ «ታታሪና ታዛዥ መምህር ናት» ብቻ ቢጽፍ ማንንም አይመስልም።

አምስት፦ የማንበብ ችግር

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ከባድ ነው። ከባድ የሚያደርገው የሚነበበው ብዛት ነው። አንድ ጆርናል ጽሑፍ ሃያ ሠላሳ ገጽ ይሆናል፤ በሳምንት አምስት ስድስት ይሰጣችኋል።

ከላይ እስከ ታች አታንብቡ። መጀመሪያ አብስትራክቱን፣ ማለትም ፊቱ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ አንብቡ። ቀጥሎ መደምደሚያውን። ከዚያ ወደ ዘዴው ግቡና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ሰው ተጠና? እነማን ናቸው? ምን አደረጓቸው? መልሱን በአንድ ካርድ ላይ በአማርኛ ጻፉ። በአማርኛ የምላችሁ በምክንያት ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የደራሲውን ቃል ትገለብጣላችሁ፤ ገብቷችሁ ይሁን አይሁን አታውቁም። በአማርኛ ለመጻፍ ግን መረዳት ግድ ነው። ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ ስትጽፉም ይህ ካርድ ከኩረጃ ይጠብቃችኋል። ሌላው ቢቀር ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ።

ስታትስቲክስ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነው) አዝራር መጫን ብቻ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ሁለት ቡድን ስታወዳድሩ፣ ከሁለት በላይ ቡድን ስታወዳድሩ፣ ሁለት ነገሮች አብረው መጨመር መቀነሳቸውን ስታዩ የትኛው የስታትስቲክስ ፈተና እንደሚውል ተረዱ። ለአብዛኛው የማስተርስ ቴሲስ ይህ ይበቃል።

ስድስት፦ ከደብተር ወደ ፕሮፖዛል

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ሰው የሚወላከፈው እዚህ ነውና።

የእኔ የመጀመሪያ ርእስ «በድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የመናገር ክህሎት የሚነኩ ምክንያቶች» የሚል ነበር። አድቫይዘሬ ወረቀቱን አጠፈና «ይህን ድሬን ሳታይ አዲስ አበባ ተቀምጠሽም መጻፍ ትችያለሽ። ክፍልሽ ውስጥ ያየሽውን አንድ ነገር ንገሪኝ» አለኝ። የ«የስ»ን ታሪክ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን እንዲህ አጠበብነው። መጀመሪያ፦ ተማሪዎች ለአሉታዊ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ይሄ ገና ሰፊ ነው። የትኞቹ ተማሪዎች? የዘጠነኛ ክፍል፤ እንግሊዝኛ የትምህርት መስጫ ቋንቋ የሚሆንበት ክፍል ስለሆነ። አፍ መፍቻቸው ምን የሆነ? አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ፤ ሦስቱን ማወዳደር ይቻላል፣ ይህ ደግሞ ድሬ ብቻ በቀላሉ የሚገኝ ዕድል ነው። በምን ይለካል? ሃያ አጫጭር ጥያቄዎች፤ ግማሾቹ አሉታዊ፣ ግማሾቹ ተራ። በቃል ነው በጽሑፍ? በሁለቱም፤ ልጁ ለማሰብ ጊዜ ሲያገኝ መልሱ ይቀየር እንደሆነ ለማየት። ይህን ስታደርጉ የኮርደርን ልዩነት እየፈተናችሁ ነው። በጽሑፍ የሚያርመው ልጅ ስቶ ነበር ማለት ነው፤ በጽሑፍም የሚደግመው ሕጉ እንደዚያ ሆኖበታል ማለት ነው።

አያችሁ? አንድ ገጽ የማይሞላ ነገር ሁለት ዓመት የሚያሠራ ጥያቄ ሆነ።

የፕሮፖዛሉን መግቢያ ለመጻፍ ጆን ስዌልስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳየው ባለ ሦስት እርከን መንገድ በጣም ይረዳል። ተመራማሪዎች መግቢያ ሲጽፉ ምን እንደሚያደርጉ አጥንቶ ነው ያወጣው። መጀመሪያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስፈልግና ምን እንደተሠራ ትናገራላችሁ። ቀጥሎ ምን እንደጎደለ ታሳያላችሁ። በመጨረሻ እኔ ይህን እሞላለሁ ትላላችሁ። የኛ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው። «ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል፣ እኔም እሠራለሁ» ብሎ ያልፋል። ኮሚቴው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፦ ከተሠራው የአንቺ ምን ይለያል?

ርእስ ስትመርጡ አንድ ምክር ልጨምር። ልክ ሌላ ከተማ እንደተሠራው ዓይነት መጠይቅ አትያዙ። እዚህ ያለን ነገር ብርቅ ነው። ጀጎል ውስጥ ሐረሪን ከእናቱ፣ ኦሮምኛን ከጎረቤቱ፣ አማርኛን ከሰፈር ጓደኛው፣ አረብኛን ከቁርኣን ትምህርት ያገኘ ልጅ አለ። እንግሊዝኛ አምስተኛ ቋንቋው ነው። የዓለም ምርምር አብዛኛው የተሠራው እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው በሆነ ሰዎች ላይ ነው። እናንተ በየቀኑ የምታስተምሩትን ልጅ ሌላው ተመራማሪ ፈልጎ አያገኘውም።

ሰባት፦ መረጃ መሰብሰብ

ደብዳቤው በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ከዲፓርትመንታችሁ ወደ ትምህርት ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ርእሰ መምህሩ። ኮፒውን ሁልጊዜ በእጃችሁ ያዙ። ተማሪዎቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የልጁም ፈቃድ ጭምር። ፈቃዱ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ለማያነቡ አስነብባችሁ በቃል አስረዱ። አንድ አባት «ልጄን ታጋልጣላችሁ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስሙ የትም እንደማይጻፍ፣ ማርኩንም እንደማይነካ አሳየኋቸው። እንዲህ የሚጠይቅ ወላጅ ሲገጥማችሁ ደስ ይበላችሁ።

የራሳችሁን ክፍል ስታጠኑ ከባዱ ነገር ልጁ «አይ» ለማለት መቻሉ ነው። ማርክ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የሌላ መምህር ክፍል ውሰዱ፣ ወይም ፈቃዱን ሌላ ሰው ይጠይቅላችሁ።

መጠይቅ ወደ ኦሮምኛና ሶማልኛ ካስተረጎማችሁ በአንድ ሰው አትመኑ። አንዱ ይተርጉም። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለቱን እንግሊዝኛዎች አመሳክሩ። የእኔ «አፍራለሁ» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ «እፈራለሁ» ሆኖ ነበር። በአስተማሪ ፊት ማፈርና መፍራት አንድ አይደሉም፤ ይህን ባላየሁ አንድ ምዕራፍ ይበላሽ ነበር።

ድምፅ ስትቀዱ የድሬን ፀሐይ አስቡ። ጠዋት ቅዱ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ልጆቹንም እናንተንም ያደክማል፤ ፋን ካለ ደግሞ ቅጂው ውስጥ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። በረመዳን ቀናት ጾመኛ ልጅን ከሰዓት በኋላ ለቃለ መጠይቅ አትጥሩ። የፈተና ሳምንትንም ዝለሉ። ከዋናው በፊት አምስት ስድስት ልጆች ላይ ሞክሩ። እኔ ስሞክር የመብራት መቆራረጥ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውን አጥፍቶብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጂውን በዚያው ቀን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

የተቀዳውን መገልበጥ ጊዜ ይበላል። ለአንድ ሰዓት ቅጂ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ዝምታውንም ጻፉ። ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ሰከንድ ከቆመ እዚያ ውስጥ እያሰበ ነው፤ ለእኛ እሱም መረጃ ነው።

ስምንት፦ መጻፍና ዲፌንስ

ከዘዴው ምዕራፍ ጀምሩ፤ የሠራችሁትን ስለሆነ የምትጽፉት በቀላሉ ይወጣል። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ደግማችሁ ጻፉት። ለአድቫይዘራችሁ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽም ቢሆን ላኩ። ስድስት ወር ጠፍቶ መቶ ገጽ ይዞ የመጣ ተማሪ ማንንም አያስደስትም። አድቫይዘር አልመለስ ካለ አትቀየሙ፤ በአካል ሂዱ። በትሕትና በሩን አንኳኩና «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ፕሮፌሰር» በሉ። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሰሟችኋል።

ጽሑፍ የሚጽፈውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ ዩኒቨርሲቲያችሁ በፈቀደው ልክ ብቻ ተጠቀሙ። ቋንቋ ማስተካከል አንድ ነገር ነው። የሌለ ጥናት የጠቀሰ ቴሲስ ግን ይዞ መቅረብ ሙያችንን ያዋርዳል። የጠቀሳችሁትን እያንዳንዱን ጽሑፍ በዓይናችሁ ያያችሁት ይሁን።

ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ቴሲሳችሁን ኮሚቴ ፊት ስትከላከሉ፣ ሁለት ጥያቄ አይቀርም፦ ለምን ይህን ያህል ሰው ብቻ መረጥሽ? ውጤትሽ ለማን ይሠራል? መልሳችሁ አጭርና እውነተኛ ይሁን። «ለእነዚህ ሦስት ትምህርት ቤቶች ይሠራል፤ ለሌላው ገና ይጠናል» ማለት ድክመት አይደለም።

ዘጠኝ፦ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ

ቴሲሱ ከታሰረ በኋላ አንድ ኮፒ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ከዚያ በተሙማ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ጊዜ ዳይሬክተሩን አርባ ደቂቃ ለምኑ። ውጤታችሁን ሁሉ አታቅርቡ። አንድ ሠንጠረዥና ሦስት የልጆች መልስ ይበቃል። ለእንግሊዝኛ መምህራን ብቻም አታቅርቡት። ከዘጠነኛ ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነውና ጉዳዩ የሁሉም ነው።

እኔ ያንን ካቀረብኩ በኋላ የባዮሎጂው መምህር ስታፍ ውስጥ መጣ። የሴሚስተር ፈተናውን ይዟል። እውነት ወይም ሐሰት ከሚለው ክፍል አንድ ጥያቄ ላይ አብዛኛው ልጅ ስቷል። ጥያቄው ውስጥ «ዳዝንት» የሚል ቃል ነበረበት። «ቲቸር፣ ባዮሎጂውን ነው ያላወቁት፣ ወይስ ጥያቄዬን?» አለኝ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የልጆቹን ወረቀት አንድ በአንድ ማየት ጀመርን።